ለመጀመሪያ ትራያትሎን ከሴቶች ግሩፕ ጋር መዘጋጀት፦ ደጋግማችሁ የምትጠይቁን ጥያቄዎች

ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው የምንኖር ሐበሻ ሴቶች ነን። ነርስ አለች፣ ሆም ኬር የምትሰራ አለች፣ ማታ ማታ ኡበር የምትነዳ አለች፣ የሶስት ልጆች እናት አለች፣ አብዛኞቻችን ስንጀምር ሳይክል ላይ ወጥተን አናውቅም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት እየተገናኘን ለትራያትሎን እንለማመዳለን። ማርች ሲገባ አዳዲስ እህቶች ይደውላሉ፣ የሚጠይቁት ደግሞ ያው ነው፣ ለያንዳንዷ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። ረዘም ይላል፣ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

ቆይ ትራያትሎን ራሱ ምንድነው? እንደ ማራቶን ነው?

አይደለም። ዋና፣ ሳይክል፣ ሩጫ፣ በዚሁ ቅደም ተከተል፣ መሀል ላይ እረፍት የለም፣ ጫማ ስትቀይሪም ሰአቱ ይቆጥራል። ሰው ትራያትሎን ሲባል የሃዋዩ አይረንማን ነው ትዝ የሚለው፣ እሱ 3.8 ኪሎሜትር ዋና፣ 180 ኪሎሜትር ሳይክል ከዛ ላይ ሙሉ ማራቶን ነው፣ እኛ እዛ ውስጥ የለንበትም። የኛ ስፕሪንት የሚባለው ነው፦ 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎሜትር ሳይክል፣ 5 ኪሎሜትር ሩጫ። ኦሎምፒክ ላይ የምታዪው፣ ከሲድኒ 2000 ጀምሮ የገባው ማለቴ ነው፣ የዚህ እጥፍ ነው። እዚህ አገር ርቀቱ ከውድድር ውድድር ይለያያል፣ ስለዚህ ከመመዝገብሽ በፊት በደንብ እዪው።

ለምንድነው ዋናው መጀመሪያ የሆነው ብላ የጠየቀችኝም አለች። በፈረንጅ 1974 ሳንዲያጎ ሚሽን ቤይ ላይ የመጀመሪያው ትራያትሎን ሲደረግ 46 ሰው ነበር የተወዳደረው፣ ያኔ ግን ሩጫው መጀመሪያ ዋናው መጨረሻ ነበር። ከዛ በኋላ ነው የተገለበጠው፣ ደክሞ ውሃ ውስጥ መግባት አደጋ አለዋ። ለኛ ለምንፈራው ደግሞ እንዲህ መሆኑ ጥሩ ነው፣ ከባዱን ገና በጠዋቱ ትገላገይዋለሽ።

ዋና ጭራሽ አልችልም። ልምጣ?

ነይ። ከሚመጡት ውስጥ ግማሽ የምንሆነው እንደዛ ነን። ያደግነው ውሃ ይወስድሻል እየተባልን ነው፣ ሶደሬም ላንጋኖም ሄደን ከሆነ ዳር ዳሩን ነው፣ ከወገብ በላይ የገባች ብዙ የለችም። ይሄ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፣ ማንም አላስተማረንም፣ በቃ።

የምንጀምረው ጥልቀቱ ደረት የሚደርስ ቦታ ላይ ነው፣ የካውንቲው የቤት ውስጥ ፑሎች ላይ። የመጀመሪያው ቀን ላይ እጅ መወርወር እግር መምታት ምናምን የለም። ግድግዳውን በሁለት እጅሽ ይዘሽ ፊትሽን ውሃ ውስጥ ከተሽ ባፍንጫሽ አየር ማስወጣት ነው፣ አረፋው ጆሮሽ ጋር ሲንኳኳ ትሰሚዋለሽ፣ ከዛ ቀና ብለሽ በአፍሽ መሳብ፣ እንደገና መክተት። ሀያ ጊዜ፣ ሰላሳ ጊዜ። ብዙ ሰው ዋና የሚያቅተው በክንዱ ድካም ይመስለዋል፣ እኔ እስካየሁት ግን ሁሌ ትንፋሽ ነው፣ ውሃ ውስጥ ትንፋሿን ቋጥራ ትይዝና ቀና ስትል ማስወጣትም ማስገባትም ባንዴ ትፈልጋለች፣ ጊዜ አይበቃትም፣ ትደነግጣለች። አየሩን ውሃ ውስጥ ጨርሰሽ ካስወጣሽው ቀና ስትዪ የሚቀርሽ መሳብ ብቻ ነው። ሁለተኛው ነገር ጭንቅላት ነው፣ ወደፊት ልይ ብለሽ ቀና ባልሽ ቁጥር እግርሽ ይሰምጣል፣ ስለዚህ አይንሽን ወደ ታች ወደ ፑሉ ወለል አድርጊ፣ አንገትሽን ልቀቂው።

ይሄን ግን በግልጽ ልንገርሽ። ማርች ላይ ከዜሮ ጀምረሽ ለኦገስት የሀይቅ ውድድር አትመዝገቢ። እኛም ተመዝገቢ አንልሽም፣ ስለምንወድሽ ነው። ሁለት ሌላ መንገድ አለ። አንዱ የሚዋኘው ሀይቅ ሳይሆን ፑል ውስጥ የሆነ አጠር ያለ ትራያትሎን መምረጥ ነው፣ ሌላው ሪሌ ነው፣ ማለት ሶስት ሴቶች ሆናችሁ አንዷ ትዋኛለች፣ አንዷ ሳይክሉን፣ አንዷ ሩጫውን ትወስዳለች። ባለፈው አመት በሪሌ ሮጣ ዊንተሩን ሙሉ ዋና የተማረች እህት አለችን፣ ዘንድሮ ሶስቱንም ለብቻዋ ልትሞክር ነው። የኛ መለኪያ ይሄ ነው፦ ባለ 25 ያርድ ፑል ውስጥ ግድግዳ ይዘሽ ሳታርፊ ከዳር እስከ ዳር 33 ጊዜ መሄድ ከቻልሽ (750 ሜትሩ እሱ ነው)፣ ፈጣን ሁኚ ቀርፋፋ ግድ የለም፣ ሀይቁን እናስለምድሻለን።

ፑል ውስጥ እዋኛለሁ፣ ሀይቁን ግን ፈራሁት። ምን ላርግ?

መፍራትሽ ልክ ነው፣ ፑል ሌላ ሀይቅ ሌላ። ታች ያለው አይታይም፣ መስመር የለም፣ ጎንሽ ያለችው ሴት እጇ ይመታሻል። የኔን ልንገርሽ። ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አዘጋጆቹ የልምምድ ቀን አድርገው ነበር፣ ፑል ውስጥ ሺ ሜትር እየዋኘሁ ነው የሄድኩት። ገና ፊቴን ስከተው ቅዝቃዜው ደረቴን ጨበጠው፣ ትንፋሼ አጠረ፣ ማሊያ ውስጥ የታሰርኩ ነው የመሰለኝ፣ የዋና መነጽሬን፣ ጎግሌን፣ አውልቄ ጣልኩት። ከግሩፓችን አንዷ ከኋላዬ ነበረች፣ እሷ የራሷን ልምምድ ትታ አጠገቤ በጀርባዋ ተንሳፈፈችና "በጀርባሽ ሁኚ፣ ሰማዩን እዪ፣ ከኔ ጋ ቁጠሪ" አለችኝ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት፣ አራት፣ በአማርኛ፣ ልክ ልጅ እንደምታስተኛ እናት። ሰላሳ ምናምን ላይ ስንደርስ ልቤ ተመለሰ። ከዛ ያለ ጎግል፣ ቀስ እያልን፣ ጎን ለጎን ጨረስነው። እኔም ከዛን ቀን ጀምሮ ለአዲስ ሴት እንደዛ ነው የማረገው።

ያ የቅዝቃዜ ድንጋጤ በሁሉም ሰው ላይ የሚደርስ የሰውነት ነገር ነው፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ከታገሽው ይለቃል። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ቀደም ብለሽ ግቢ፣ ፊትሽንና አንገትሽን አርጥቢ፣ የተማርሽውን አረፋ አውጪ። ውድድሩ ሲጀመር ከሁሉም ኋላ፣ ዳር ላይ ቁሚ፣ አስር ሰከንድ ጠብቀሽ ግቢ። በየስድስት ስምንት እጅ አይንሽን ብቻ አዞ እንደሚያወጣው ከውሃው በላይ አድርገሽ ተንሳፋፊውን ምልክት እዪ፣ አለበለዚያ ጠማማ ትሄጂና 750ው 900 ይሆንብሻል። ሲደክምሽ በጀርባሽ መንሳፈፍ፣ በደረት መዋኘት፣ ሁሉም ይፈቀዳል። እዛ ያሉትን ካያኮች (የጠባቂዎቹን ትንንሽ ጀልባዎች) መያዝም ይፈቀዳል፣ ወደፊት እስካልጎተቱሽ ድረስ ከውድድር አትወጪም፣ ይሄን የማያውቅ ብዙ ሰው አለ። እርዳታ ከፈለግሽ አንድ እጅሽን ከፍ አድርገሽ አውለብልቢ።

ብቻሽን ግን ሀይቅ አትግቢ። በጭራሽ። ይሄ ግሩፓችን ውስጥ ድርድር የሌለው ህግ ነው። ደግሞ እዚህ አካባቢ ብዙ የመናፈሻ ሀይቆች ላይ መዋኘት ክልክል ነው፣ ስለዚህ ወይ አዘጋጆቹ የልምምድ ቀን ሲያወጡ ነው የምንሄደው ወይ ደግሞ ላይፍ ጋርድ ያለበት ቦታ፣ ለምሳሌ አናፖሊስ አጠገብ ሳንዲ ፖይንት። እዛ ቼሳፒክ ባህረ ሰላጤ ላይ ሰመር ሲገፋ የሚናደፍ ጄሊፊሽ ይበዛል፣ ጁን ይሻላል። ዌትሱት (ሙቀት የሚይዝ ወፈር ያለ የላስቲክ የዋና ልብስ) ውሃው ከ78 ፋራናይት በላይ ካልሞቀ ይፈቀዳል፣ ያንሳፍፍሻልም፣ ኦገስት ላይ ግን የኛ አካባቢ ሀይቅ ብዙ ጊዜ ከዛ ስለሚሞቅ ለመጀመሪያ ውድድር ብለሽ አትግዢ።

ሳይክል የለኝም፣ መንዳትም አልችልም።

ሴት ልጅ ሳይክል አትነዳም ተብለን ነው ብዙዎቻችን ያደግነው፣ ወንድሞቻችን ሰፈር ውስጥ በሰአት እየተከራዩ ሲነዱ እኛ ቆመን ነው ያየነው። በሰላሳ ስምንትም በሃምሳም ይለመዳል። ፔዳሎቹን እናወልቃለን፣ ኮርቻውን ሁለቱም እግርሽ መሬት እስኪረግጥ ዝቅ እናደርገዋለን፣ ትንሽ ቁልቁል የሆነ ሳር ላይ በእግርሽ እየገፋሽ መንሸራተት ነው። ሚዛኑ ሲገባሽ አንድ ፔዳል፣ ከዛ ሁለተኛውን እንመልሳለን። ካንድ ጠዋት በላይ የወሰደባት ጥቂት ናት። ማንም ከኋላሽ ኮርቻ ይዞ አይሮጥም፣ እሱ ዘዴ ሰው ያስፈራል እንጂ አያስተምርም።

ውድ ሳይክል አያስፈልግሽም። ተራራ ሳይክልም፣ የልጅሽም ቢሆን ቁመቱ ልክ ከሆነ ይሆናል፣ ፍሬኑ ይያዝ፣ ጎማው ደህና ይሁን፣ ካቴናው ዘይት ይቀባ። ሄልሜት ግን አዲስ ግዢ፣ የወደቀ ሄልሜት ከሰው አትቀበዪ፣ ውስጡ ተሰንጥቆ ላይታይ ይችላል። ስፖንጅ ያለው የሳይክል ቁምጣም ግዢ፣ ከስሩ የውስጥ ሱሪ አይለበስም (ይሄን ማንም አይነግርሽም፣ ከዛ ተላልጠሽ ትመጫለሽ)። የምንነዳው ስላይጎ ክሪክና ሮክ ክሪክ የሚባሉት መናፈሻዎች ውስጥ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ የተወሰነው መንገድ ለመኪና ስለሚዘጋ ከመኪና ጋር ሳትጋፊ ማርሽ መቀየር ትለማመጃለሽ። አቀበት ከመድረስሽ በፊት ማርሹን ቀንሺ፣ አቀበቱ መሀል ላይ ካስታወስሽው ካቴናው ይወልቃል።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? ስራና ልጆች አሉብኝ።

መቶ ሜትር እንኳን ቢሆን መዋኘት የምትችል ሴት 12 ሳምንት ይበቃታል። በሳምንት ሁለት ዋና፣ ሁለት ሳይክል፣ ሁለት ሩጫ፣ ብዙዎቹ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ናቸው፣ አንድ ቀን ሙሉ እረፍት። ደብል ሺፍት የምትሰሪበት ሳምንት ላይ ሩጫውን ዝለዪው፣ ዋናውን አትዝለዪ። መጨረሻ ላይ ብሪክ የሚባል አለ፣ ከሳይክል ወርደሽ ወዲያው መሮጥ ነው፣ የመጀመሪያ ጊዜ እግርሽ የሰው እግር ነው የሚመስልሽ፣ ጭንሽ ይከብዳል፣ አስር ደቂቃ ሶምሶማ ካልሽ ይፈታል። እሱን ከውድድሩ በፊት ሶስት አራት ጊዜ መቅመስ አለብሽ።

ልጆችን በተመለከተ፣ ተራ እንገባለን። ቅዳሜ ሁለት ሴቶች መጫወቻ ቦታው ላይ ልጆቹን ይዘው ይቀራሉ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ ሌሎች ሁለት። ያለዚህ ግሩፓችን ሁለት ወር አይቆይም ነበር።

ጾም ላይስ?

ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ብዙ ጊዜ ልምምዱን ስንጀምር ነው የሚገጥመን፣ ፍልሰታ ደግሞ በፈረንጅ ኦገስት 7 ይገባና ውድድሩ ሊደርስ ሲል ያገኘናል። ከሰአት በኋላ ድረስ የምትጾሚ ከሆነ ከባዱን ልምምድ ከበላሽ በኋላ ማታ አድርጊው፣ ጠዋት ላይ ቀለል ያለ ሶምሶማ ብቻ። ውሃም የማትቀምሺ ከሆነ ሙቀት ውስጥ ሳይክል አትውጪ። የጾም ምግባችን ራሱ ለስፖርት የሚሆን ነው፣ ሽሮውም ምስሩም ፕሮቲን አላቸው፣ ከልምምድ በፊት ደግሞ በሶ በማርና በትንሽ ጨው በጥብጠሽ ጠጪ፣ እኔ ስፖርተኞች ለጉልበት ብለው ከሚመጡት ጄል ይሄን እመርጣለሁ፣ ሆዴንም አይረብሸኝ። ቆሎ ኪስ ውስጥ ይያዛል። የውድድሩ ቀን ጾም ላይ ከዋለ የንስሐ አባትሽን ቀድመሽ አማክሪ፣ ባዶ ሆድ ሀይቅ እንድትገቢ ግን አንፈቅድም። ረመዳን ላይ ያሉ እህቶቻችን ከኢፍጣር በኋላ ፑል ይሄዳሉ፣ አንድ ሁለታችን አብረናቸው እንሄዳለን፣ ብቻቸውን እንዳይሆኑ።

ፀጉሬና ልብሴስ?

ሹሩባ ተሰሪ፣ ደቀቅ ያለ ሳይሆን ወፈር ያለ፣ ወደኋላ የሄደ። ከመግባትሽ በፊት ፀጉርሽን በንጹህ ውሃ አርጥቢና ኮንዲሽነር ወይም ዘይት ቀቢው፣ የረጠበ ፀጉር ክሎሪኑን ብዙ አይመጥም፣ ከዛ ኮፍያውን። ለረጅም ፀጉር የሚሆን ትልቅ የዋና ኮፍያ አለ፣ ውድድር ላይ ግን አዘጋጆቹ ባለ ቀለም ኮፍያ ይሰጡሻል፣ ከራስሽ በላይ ደርቢው። ሙሉ ሰውነት የሚሸፍን የዋና ልብስ የሚለብሱ ሙስሊም እህቶች አሉን፣ ማንም ከልክሏቸው አያውቅም፣ ልብሱ ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ይሁን እንጂ፣ ሰፊ ከሆነ ውሃ ይይዝና ይጎትታል። ሰውነቴ ይታያል ብለሽ የምታስቢ ከሆነ ደግሞ ውሃው ዳር ድረስ ነጠላ ለብሰሽ ነይ፣ እኛ ጋር ማንም ማንንም አያይም።

ወልጃለሁ፣ ስሮጥ ሽንት ያመልጠኛል። ደም ማነስም አለብኝ።

ይሄን ጮክ ብላ የምትናገር የለችም፣ በጆሮ ነው የሚነገረኝ፣ ለዛ ነው እዚህ የጻፍኩት። የብዙ እናቶች ችግር ነው፣ ግን ቻዪው የሚባል ነገር አይደለም፣ መድሀኒት አለው። ለዶክተርሽ ፔልቪክ ፍሎር (ፊኛና ማህፀንን ከስር የሚደግፈውን ጡንቻ) የሚያክም ፊዚካል ቴራፒስት ጋር ላኪኝ በያት፣ እስከዛ ዋናና ሳይክል ላይ አተኩሪ፣ ሩጫውን እየተራመድሽ ሂጂ። በውድድር መራመድ አይከለከልም።

ደም ማነስ ካለብሽ ወይም ሁሌ የሚደክምሽ ከሆነ ከመጀመርሽ በፊት ተመርመሪ፣ ሄሞግሎቢን ብቻ ሳይሆን ፌሪቲንም (ሰውነትሽ ያጠራቀመው አይረን) ይታይልሽ። ምግብ እንደበላሽ ቡናና ሻይ አትጠጪ፣ ከምግቡ ውስጥ ያለውን አይረን ሰውነትሽ እንዳይወስድ ያደርጋሉ፣ አንድ ሰአት ካለፈ በኋላ ይሁን። እንደኛ ላለ ከምሳ ቀጥሎ ጀበና ለሚጥድ ሰው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። የልብ፣ የአስም፣ የግፊት ነገር ያለባት ያለ ዶክተር ፈቃድ አትጀምር።

ትራንዚሽን የሚሉት ምንድነው?

ሳይክልሽ የሚቀመጥበት፣ ከዋና ወደ ሳይክል ከሳይክል ወደ ሩጫ የምትቀያየሪበት ቦታ ነው። ፎጣ መሬት ላይ ታነጥፊያለሽ፣ ካልሲሽን እስከ ተረከዙ ጠቅልለሽ ጫማው ውስጥ ታስቀምጫለሽ (በረጠበ እግር ካልሲ መልበስ ከሀይቁ በላይ ሊያናድድሽ ይችላል፣ ፓውደር ነስንሺበት)፣ ሄልሜቱን ማሰሪያው ተከፍቶ ሳይክሉ እጀታ ላይ። ህጉ፦ ሳይክሉን ከመስቀያው ከማውረድሽ በፊት ሄልሜቱ ታስሮ መቆለፍ አለበት፣ ስትመለሺ ደግሞ ሳይክሉን ሰቅለሽ ነው የምትፈቺው። ጆሮ ላይ የሚደረግ ሙዚቃ ክልክል ነው። ከፊትሽ ያለችው ሳይክል ጭራ ላይ መለጠፍም ያስቀጣል። አንድ ቅዳሜ ሙሉውን ሲልቨር ስፕሪንግ ፓርኪንግ ላይ ይሄን ብቻ እንለማመዳለን፣ በጀሪካን ውሃ እግራችን ላይ እያፈሰስን።

የመጨረሻ ብወጣስ?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይሄ ነው። በፈረንጅ 1990 እዚህ አገር ዳንስኪን የሚባል የሴቶች ብቻ ትራያትሎን ተጀምሮ ነበር፣ ሳሊ ኤድዋርድስ የምትባል ጎበዝ ትራያትሊት ሌላ ማንም ሴት የመጨረሻ እንዳትሆን ብላ ሆን ብላ ከሁሉም በኋላ ትገባ ነበር። እኛም ያንን ወስደናል። በየውድድሩ ካሁን በፊት የጨረሰች አንዷ ጠራጊ ትሆናለች፣ ከመጨረሻዋ አዲስ ሴት ኋላ ነው የምትሮጠው። ሌሎቻችን የጨረስን ሜዳሊያችንን አድርገን ወደኋላ ተመልሰን እስከመጨረሻው መታጠፊያ እንሄዳለን፣ የመጨረሻዋ እህታችን ሳትገባ ማንም መኪናው ጋር አይሄድም። ባርሴሎና 1992 ላይ ደራርቱ 10 ሺ ሜትሩን አሸንፋ መስመሩ ላይ ቆማ ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየርን ጠብቃ እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደዞሩ የምታስታውስ ታስታውሳለች፣ እኔ ያንን ቲቪ ላይ አይቼ ያለቀስኩ ልጅ ነበርኩ።

ስንት ብር ያስወጣል?

ግሩፑ ነጻ ነው። የውድድር መመዝገቢያ ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር ከፍ ይላል፣ ቀድማ ለተመዘገበች ይቀንሳል፣ የዩኤስኤ ትራያትሎን (የአገሪቱ ፌዴሬሽን) የአመት አባል ካልሆንሽ ብዙ ጊዜ ለዛ ውድድር ብቻ የሚሆን የአባልነት ክፍያ ይጨመርበታል። የካውንቲ ፑል ለነዋሪ ይረክሳል። ሳይክል ከያዙት እንዋሳለን፣ ሁለት ትርፍ አለን።

የመጀመሪያ ቀን ምን ይዤ ልምጣ?

የዋና ልብስ፣ ጎግል፣ ፎጣ፣ የሚሮጥበት ጫማ። ጎግሉን ከመግዛትሽ በፊት ላስቲኩን ሳታስሪ አይንሽ ላይ ጫን አድርጊው፣ ለሁለት ሰከንድ ከያዘ ላንቺ ልክ ነው። ጠዋት 12 ሰአት ተኩል ላይ ፑሉ በር ጋር ቆመን እንጠብቅሻለን፣ በሀበሻ አቆጣጠር ነው፣ በሀበሻ ቀጠሮ ግን አይደለም፣ ፑሉ ውስጥ የምንዋኝበትን መስመር የምናገኘው ለአንድ ሰአት ብቻ ስለሆነ። ካረፈድሽ ደውዪ፣ አንዷ ወጥታ ትወስድሻለች።